ከግዝት እስከ ሆስፒታል፦ የአልኮል ሱስ ሕክምና ፍለጋ በጎጃም ደጋ

በጎጃም ደጋ አንድ ሰው በመጠጥ ሲሸነፍ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የሚጠያየቀው «ወዴት እንውሰደው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ያረጀ ነው፤ መልሱ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። በአንድ ዘመን መልሱ የንስሐ አባት ነበር፤ በሌላው ጸበል፤ ቀጥሎም ዓባይን ተሻግሮ የሚገኝ አንድ ሆስፒታል። ዛሬ ጥያቄው በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች በር ላይ የሚቀርብ በመሆኑ፣ የጤና ባለሙያው ከእርሱ በፊት የነበሩትን መልሶች ቢያውቅ ለራሱ መልስ ይበጀዋል።

መጠጡና ልማዱ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምትባለው ከተማ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። አዲሱን ስሟን ያገኘችው ኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት ራስ አዳል ካሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጎጃም ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ አገሩ የማር አገር ነበር፤ ጠጅም የግብር አዳራሽ መጠጥ ነበር። ገበሬው የሚጠጣው ከገብስ፣ ከዳጉሳና ከበቆሎ፣ በጌሾና በብቅል የሚጠመቀውን ጠላ ነው። ጠላ ለደቦ፣ ለማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ ለሠርግና ለተዝካር ይቀርባል፤ ጠላ ያልቀረበበት ድግስ እንደ ድግስ አይቆጠርም።

አረቄ ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። ስሙ ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን፣ የሚገኘውም የተብላላውን በእሳት በማትነን ነው። የልዩነቱን ልክ ቁጥሮች ያሳያሉ። ጠላ በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ፣ ጠጅ ከ7 እስከ 11 በመቶ የሚሆን አልኮል ይይዛል። ተራ አረቄ ከ22 እስከ 28 በመቶ ሲይዝ፣ ሁለት ጊዜ የሚወጣው ዳግም አረቄ ወደ 45 በመቶ ይደርሳል። አንድ መለኪያ 30 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ አንድ መለኪያ ዳግም አረቄ ወደ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው ማለት ነው። ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ መመዘኛው እንደ አንድ መጠጥ የሚቆጥረው መጠን ነው።

ጠላ ድግስን ሲጠብቅ አረቄ ድግስን አይጠብቅም። ሳይበላሽ ይቆያል፤ በትንሽ ጠርሙስ ይያዛል፤ በየመለኪያው በሳንቲም ይሸጣል። በብዙ ቀበሌዎች አረቄ ማውጣት ባል ለሌላት ሴት የልጆች ማሳደጊያ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህም ጉዳዩን በክልከላ ብቻ ለመፍታት የሚነሣ ሰው የአንዱን ቤት ሲያድን የሌላውን ቤት ምድጃ ሊያጠፋ እንደሚችል ማሰብ ይኖርበታል። በደጋው ብርድ አረቄ እንደ መድኃኒትም ይታያል። ከነጭ ሽንኩርት ጋር ለሆድ ሕመም ይወሰዳል፤ ማለዳ ከእርሻ በፊት «ለብርድ» ተብሎ አንድ መለኪያ ይቀመሳል።

ይህ የማለዳ ልማድ ለጤና ባለሙያው ልዩ ትርጉም አለው። በዓለም ዙሪያ በሰፊው ከሚሠራባቸው አጫጭር መጠይቆች አንዱ፣ ሰውየው ጠዋት እንደ ተነሣ ራሱን ለማረጋጋት ይጠጣ እንደሆነ ይጠይቃል። በጎጃም ደጋ ይህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው፤ አንዱ የልማድ፣ ሌላው የሱስ። ሁለቱን የሚለየው «ማለዳ ትጠጣለህ?» የሚለው ሳይሆን «ሳትጠጣ የዋልህ ቀን ምን ትሆናለህ?» የሚለው ነው።

ግዝት፣ ጸበልና አብሾ

ዘመናዊ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት ኅብረተሰቡ ስካርን እንደ ዕጣ ፈንታ ብቻ ተቀብሎ አልተቀመጠም። የመጀመሪያው መፍትሔ ግዝት ነበር። ጠጪው በንስሐ አባቱ ፊት ቀርቦ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለዕድሜ ልክ መጠጥ ላይቀምስ ይገዘታል። ግዝቱ የሚሠራው ከፈጣሪ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ቃሉን ሚስት፣ ጎረቤትና የማኅበር አባላት ያውቁታል፤ በድግስም ላይ «ተገዝቷል» ከተባለ በኋላ ዋንጫ የሚያስጨብጠው አይኖርም። በዛሬው የሙያ ቋንቋ ግልጽ ግብ፣ የተወሰነ ጊዜ፣ የቤተሰብ ድጋፍና ከሚያጋልጥ ሁኔታ መራቅ የሚባሉት ሁሉ በግዝቱ ውስጥ ነበሩ።

ሁለተኛው ጸበል ነው። በምዕራብ ጎጃም ሰከላ የሚገኘው፣ በጻድቁ ዘርዓ ብሩክ ስም የሚጠራው የግሼ ዓባይ ጸበል ከሩቅም ከቅርብም ሕሙማንን ሲስብ የኖረ ስፍራ ነው። በየአጥቢያው ያሉት ትናንሽ ጸበሎችም እንዲሁ። ለጠጪው ጸበል ማለት ከአረቄ ቤት መራቅ፣ በጾምና በጸሎት መሰንበት፣ እርሱን ከመሰሉ ሰዎች ጋር ማደር ማለት ነው። በዚህ መንገድ መጠጥን ጨርሰው የተዉ ሰዎች በየመንደሩ አሉ፤ የጤና ባለሙያውም ይህን መካድ አይገባውም።

ሦስተኛው ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣ ነው። እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ባሉ የቅኔና የመጻሕፍት ቤቶች አገር፣ አእምሮን ይከፍታል ተብሎ በተማሪዎች ዘንድ የሚጠጣ አብሾ የሚባል የዕፅ ብጥብጥ ይነገርለታል። አብሾ የጠጣ ሰው አልኮል ከቀመሰ ይነሣበታል ይባላል፤ ሲጠጣ የሚያብድ ሰውም «አብሾ አለበት» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። አባባሉ በሕክምና ዓይን ምንም ይሁን ምን አንድ ጥቅም ሰጥቷል፤ ለአንዳንድ ሰው መጠጥ ጨርሶ እንደማይሆን ኅብረተሰቡ እንዲቀበል አድርጓል። «አብሾ አለብኝ» ያለ ሰው ዋንጫ ሲመልስ እንደ ነውር አይቆጠርበትም።

በሌላው ዓለም የተማሩት

በዚያው ዘመን በአውሮፓ ሐኪሞች ከተመሳሳይ ጥያቄ ጋር ይታገሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1813 እንግሊዛዊው ቶማስ ሳተን በጠጪዎች ላይ የሚታየውን መንቀጥቀጥና መቃዠት ዴሊሪየም ትሬመንስ ሲል ሰየመው። በ1849 ስዊድናዊው ማግኑስ ሁስ የረጅም ጊዜ መጠጥ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አልኮሊዝም በሚል ስም አጠቃልሎ ጻፈ። ተክለ ሃይማኖት በነገሡበት በ1881 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ቨርኒከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የአንጎል ሕመም ገለጸ። ሕመሙ የታያሚን እጥረት ውጤት መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆየ። መንቀጥቀጡ፣ የሚጥል ሕመሙና መቃዠቱ የሚመጡት ከመጠጡ ነው፣ ከረኀቡ ነው፣ ወይስ መጠጡን ከማቆም? በ1955 በአሜሪካ ሌክሲንግተን ሃሪስ ኢዝቤልና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ክርክሩን አቃለለው። በቂ ምግብ እየተሰጣቸው ለብዙ ሳምንታት በየቀኑ አልኮል የጠጡ ሰዎች በድንገት እንዲያቆሙ ሲደረግ፣ ከመካከላቸው የሚጥል ሕመምና ከባድ መቃዠት የደረሰባቸው ተገኙ። እንዲህ ያለው ሙከራ በዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር አይፈቀድም፤ ትምህርቱ ግን ጸንቶ ይኖራል። ለጠና ጠጪ በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ ነው።

ዓባይን ተሻግሮ

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ለብዙ ዘመን የአንድ ሆስፒታል ታሪክ ነበር። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ለአሥርተ ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ከደብረ ማርቆስ ወደዚያ ለመድረስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር መጓዝ፣ የዓባይን ሸለቆ መውረድና መውጣት ያስፈልግ ነበር። ሪፈር የተጻፈለት ጠጪ ለጉዞው ገንዘብ፣ አብሮት የሚሄድ ዘመድና በከተማው ማረፊያ ያስፈልገዋል። ከዚህ ሁሉ አንዱ ሲጎድል ወረቀቱ በኪስ ያልቃል።

ለውጡ የጀመረው ሐኪሙን ከመጠበቅ ይልቅ ነርሱን በማሠልጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ ተመራቂዎቹም በየክፍላተ ሀገሩ ሆስፒታሎች እየተመደቡ ተመላላሽ ክፍሎችን ከፈቱ። በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ተጀመረ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከአማኑኤል ጋር በመተባበር በሁለተኛ ዲግሪ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ያዘ። በዚህ ሂደት የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ዛሬ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የራሱ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆነ።

የችግሩ መጠንም ቀስ በቀስ ተለካ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከቡታጅራ የወጣው ጥናት ከ10,000 በላይ ጎልማሶችን ጠይቆ፣ ወደ 23 በመቶ የሚሆኑት እንደሚጠጡና 3.7 በመቶው ችግር ያለበት አጠጣጥ እንዳላቸው አሳየ። በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ከጎልማሶች 40.7 በመቶው አልኮል እንደሚጠጡ፣ 15.8 በመቶው ጫት እንደሚቅሙ መዘገበ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ አልኮል በብሮድካስት እንዳይተዋወቅና ከ21 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ከለከለ። አዋጁ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ሲያወርድ፣ ማስታወቂያ የማያስፈልገውን የመንደር አረቄ ግን እምብዛም አልነካውም።

ለሱስ ብቻ የተለየው የተኝቶ ሕክምና ዛሬም በአብዛኛው አማኑኤልንና ቅዱስ ጳውሎስን በመሳሰሉ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የተሰባሰበ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው የትጥቅ ግጭት መንገዱን ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል። ስለዚህ «አዲስ አበባ ውሰዱት» የሚለው መልስ ለብዙ ቤተሰብ መልስ አይደለም።

ሦስተኛው ቀን

አሮጌውና አዲሱ መንገድ የሚገናኙበት አንድ አደገኛ ቦታ አለ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው ቤተሰቡ መክሮት ወደ ጸበል ይሄዳል። በአንድ ማለዳ መጠጡን ይተዋል፤ ይጾማል፤ ጥቂት ይተኛል። በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል። በሁለት ቀን ውስጥ ሊጥለው ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል የሌለ ነገር ያያል፣ ይጮኻል፣ ጊዜና ቦታ ይጠፋበታል። በዙሪያው ያሉት ይህን የክፉ መንፈስ መውጫ አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ። በሕክምና ግን ይህ ሰው ሊሞት የሚችልበት ሰዓት ነው።

ይህን ሞት ለመከላከል የሚያስፈልገው ነገር ከወረዳ ሆስፒታል አቅም በላይ አይደለም። በተቆጣጣሪ ባለሙያ የሚሰጥ ዲያዜፓም፣ ከግሉኮስ አስቀድሞ የሚሰጥ ታያሚን፣ ፈሳሽ፣ ጸጥ ያለና ብርሃን ያለው ክፍል፣ አጠገብ የሚቀመጥ ዘመድ። የሚቃዠውን ሰው በሥነ ልቦና ቀውስ መድኃኒት ብቻ ማደንዘዝ አይበቃም። ከዚህ በፊት ጥሎት የሚያውቅ፣ ሲያቆም ተቃዥቶ የሚያውቅ፣ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ግን በቤትም በጸበልም ሊያቆም አይገባውም፤ ተኝቶ መታከም አለበት።

ለዚህ ዓይነቱ መተባበር በአገሪቱ ምሳሌ አለ። በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም በሚል ሲቸገሩ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለጠጪውም የሚያስፈልገው ተመሳሳይ ቃል ነው፤ «መጀመሪያ ሳምንቱን በጤና ተቋም፣ ከዚያ ጸበሉን በሰላም።»

ማጠቃለያ

የጎጃም ደጋ ታሪክ የሚያሳየው ሱስን የማከም ሥራ በዚያ አገር እንግዳ አለመሆኑን ነው። ግዝቱ መጠጡን የመተው ቃልና ምስክር ሰጠ፤ ጸበሉ ከአረቄ ቤት የሚያርቅ ስፍራና ባልንጀራ ሰጠ፤ ሆስፒታሉ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አደገኛ ቀናት የሚያሻግር መድኃኒት ሰጠ። የጎደለው ሦስቱን የሚያያይዘው ሰው ነው። ይህም ሰው ሌላ ሕንጻ ሳይጠብቅ ሥራውን ሊጀምር ይችላል። የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕሙማንን ጨምሮ በተመላላሽ ክፍሉ የሚቀርቡትን ሁሉ ስለ መጠጥ መጠየቅ፣ በመለኪያ ቆጥሮ መመዝገብ፣ በአካባቢው ያሉትን የጸበል አጥማቂዎችና የዕድር ዳኞች በስም ማወቅ፣ የሦስተኛውን ቀን ምልክቶች ለእነርሱ ማስተማር፣ ከሆስፒታል የወጣውንም ወደ ቤቱ እንጂ ወደ አረቄ ቤት እንዳይመለስ ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር። እንዲህ ያለ ባለሙያ ባለበት ጤና ጣቢያ «ወዴት እንውሰደው?» ብሎ የመጣ ቤተሰብ ዓባይን ከማሰቡ በፊት እዚያው በሩ ላይ መልስ ያገኛል።