ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልልና ሕዝበ ውሳኔ
የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 አዲስ ክልል ለመመሥረት በጥያቄ አቅራቢው ብሔረሰብ ምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ቀጥሎም በአብላጫ ድምፅ የተደገፈ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ክልልነትን መርጧል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ክልል ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በጋራ ክልል ስለመመሥረት ድምፅ ሰጥተዋል።

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሾኔ ግን ለዚሁ ጉዳይ የድምፅ መስጫ ጣቢያ አልተከፈተም። ሀዲያና ከምባታ ጠምባሮ ከሐላባ፣ ከጉራጌ፣ ከስልጤና ከየም ልዩ ወረዳ ጋር በነባሩ ክልል የቀሩ በመሆናቸው፣ ክልሉ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በሚል ስያሜ በአዲስ መልክ የተዋቀረው በምክር ቤት ውሳኔ ነው። ሆሳዕና የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆናለች፤ የከተማዋ ነዋሪ ግን በአወቃቀሩ ላይ በካርድ የተጠየቀበት አጋጣሚ አልነበረም።