የ4 ሳንቲ ሜትር ነገር

ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ የጨረሰው መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። ደስታው ብዙም አልቆየ። ጫማው ሲለካ የሶሉ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ሕጉ የሚፈቅደው 4 ብቻ ነው። ከውድድሩ በፊት በቅጹ ላይ ያስመዘገበውም ሌላ ጫማ ነበር። ውጤቱ ተሰረዘና በ3 ሰከንድ የተቀደመው ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ።

ቀኑን ሳሰላው አንድ ነገር ገረመኝ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ከዚያ ዋዜማ እስከዚህ ማግስት 61 ዓመት መሆኑ ነው።

ሩጫ የእኛ የሆነው መሣሪያ ስለማይጠይቅ ይመስለኛል። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር በማለዳ የሚሮጡትን የሀብሩ ልጆች ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዱ ሸራ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ከሰልባጅ ተራ የተገዛ፣ ተረከዙ የተበላ ጫማ። ቢሆንም ይሮጣሉ።

ነገሩ የተለወጠው በ2009 ዓ.ም. ናይኪ በወፍራምና ቀላል ስፖንጅ ውስጥ የካርቦን ዝርግ የተቀበረበትን ጫማ ለገበያ ሲያወጣ ነው። ስፖንጁ ሲረገጥ ይጨመቅና ጉልበቱን መልሶ ለሯጩ ይሰጣል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ኤሊዩድ ኪፕቾጌ፣ እዚያው ቪየና፣ ገና ለገበያ ባልወጣ ጫማ 42 ኪሎ ሜትሩን በ1፡59፡40 ጨረሰ። ያኔ ጩኸቱ በረታ። ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ሕግ አወጣ፦ ሶሉ ከ40 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ዝርጉ ከአንድ አይበልጥ፣ ጫማውም ለ4 ወር ገበያ ላይ የቆየ ይሁን። በ5ኛው ቀን ናይኪ 39.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አዲስ ጫማ ይዞ ብቅ አለ! ሕግ አውጪዎቹ መስመሩን ያሰመሩት ገበያው ከደረሰበት ላይ ነው ብል የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም።

ሲፈልጉ ግን መድፈር እንደሚችሉ በጦር ውርወራ አሳይተዋል። በ1976 ዓ.ም. የምሥራቅ ጀርመኑ ኡቨ ሆን 104.80 ሜትር ወረወረ። ጦሩ ሜዳውን አቋርጦ ከወዲያ ማዶ ያሉትን ሰዎች ሊያገኝ ምን ቀረው? እንዲያውም አንዳንዱ ጦር በጎኑ ስለሚያርፍ ዳኛው ወግቷል አልወጋም እያለ ይከራከር ነበር። ስለዚህ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የወንዶቹ ጦር የክብደት መሐል 4 ሳንቲ ሜትር (እዚህም 4!) ወደፊት ተገፋ። ጦሩ አፍንጫውን ቶሎ ደፍቶ ይወርድ ጀመር፤ ክብረ ወሰኑም ከ85.74 ሜትር እንደገና ተጀመረ። የውርወራው ለዛ ግን አልጠፋም፣ ተመልካቹም አልሸሸም።

ጫማውንም እንዲሁ ወደኋላ መመለስ ይገባ ነበር እላለሁ። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2፡11፡53 የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ማንም ያላጨበጨበውን ያህል አጨብጭቤያለሁ። ብርታቱ የእሷ ነው። በእግሯ የነበረው የአዲዳስ ጫማ ግን 138 ግራም የሚመዝን፣ መጀመሪያ 521 ጥንድ ብቻ ለሽያጭ የቀረበ፣ ዋጋውም 500 ዶላር ነበር። ሕጋዊ ነው፤ ገበያ ላይ ወጥቷል። መርሳ ሰልባጅ ተራ እስኪደርስ ግን ስፖንጁ ሞቶ ነው የሚደርሰው።