ካሜራ ያላየው ቀይ

በ1882 (ከአንዱ በስተቀር እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ቻርልስ ስክሪብነርስ ሰንስ የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ አሥራ አምስት ባለ ቀለም የሰማይ ሥዕሎችን በአንድ ማኅደር አድርጎ ለገበያ አወጣ። እያንዳንዱ ሉህ 71 በ96 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የማኅደሩ ዋጋ 125 ዶላር ነበር፤ ለዚያ ዘመን የዋዛ ገንዘብ አይደለም። ፀሐይ፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ጅራታም ኮከብ ሁሉም አሉበት። ሰባተኛው ሥዕል የጨረቃ ከፊል ግርዶሽ ነው። ዛሬ እንደገና እየታተሙ በየሳሎኑና በየካፌው ግድግዳ ከሚሰቀሉት የቆዩ የሰማይ ሥዕሎች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ጠጋ ብሎ ላየው ሰው፣ ብርሃን ባልተለየው የጨረቃ ገጽ ላይ ጉድጓዶቹና ሜዳዎቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የምድር ጥላ ያረፈበት ክፍል ግን ጥቁር አይደለም፤ የዛገ መዳብ ይመስላል። በዚያ ቅላት ውስጥ የጨረቃ ሜዳዎች ደብዘዝ ብለው ሳይጠፉ ይታያሉ። የጥላው ጠርዝ ቅስት ነው። የምድር ጥላ ጨረቃ ዘንድ ሲደርስ ስፋቱ ከጨረቃ ወርድ ሁለት እጥፍ ተኩል ስለሚበልጥ፣ የምናየው የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ ብቻ ነው። አርስቶትል ምድር ክብ ናት ሲል ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ቅስት ነበር።

የቅላቱ ምክንያት የራሳችን አየር ነው። ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትገባ በቀጥታ የሚመጣውን ብርሃን ትከልላለች። በዙሪያዋ ያለው አየር ግን ከጨረሩ ጥቂቱን አጥፎ ወደ ጥላው ውስጥ ይልካል። ሰማያዊው መንገድ ላይ ይበተናል፤ ጨረቃ ዘንድ የሚደርሰው ቀዩ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ደመና ያልጋረደበት ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህንኑ አይቷል። ያን ምሽት ጨረቃ ለ82 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ነበረች።

ሥዕሉ የተመዘገበበት ዕለት ጥቅምት (ኦክቶበር) 24 ቀን 1874 ነው። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ነበረ፤ ጨረቃም ከ1840 ጀምሮ ፎቶ ተነሥታለች። ይሁን እንጂ የዘመኑ ፎቶ አንሺዎች የሚጠቀሙበት እርጥብ ኮሎዲዮን የተቀባ መስታወት በዋናነት የሚቀበለው ሰማያዊውን ብርሃን ነበር፤ ቀዩን አያውቀውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዓይን የሚያየው መዳባማ ቀለም ካሜራው ላይ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ያን ቀለም ይዞ ማስቀረት የሚችለው የሠዓሊ ዓይንና እጅ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥዕል ጌጥ ብቻ አድርጎ ማየት የማይዋጥልኝም ለዚህ ነው።

ሠዓሊው ኤትየን ሊዮፖልድ ትሩቬሎ ይባላል። በ1827 ሰሜን ፈረንሳይ ተወለደ። በ1851 መጨረሻ ሉዊ ናፖሊዮን መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርግ አገሩን ጥሎ ተሰደደና ከነቤተሰቡ ቦስተን አጠገብ ሜድፎርድ በምትባል ከተማ ኑሮውን መሠረተ። እዚያም ሐር የሚያወጡ ትሎችን ያረባ ጀመር። ከአውሮፓ ያስመጣው አንድ የእሳት እራት ዝርያ በ1860ዎቹ መጨረሻ ከግቢው አመለጠ። በ1889 የዚያ ዝርያ አባጨጓሬዎች የሜድፎርድን ዛፎች ቅጠል አልባ አስቀሩ። የማሳቹሴትስ መንግሥት በማግስቱ ዓመት የማጥፋት ዘመቻ ቢከፍትም አልተሳካለትም፤ ተባዩ እስከ ዛሬ የሰሜን አሜሪካን ደን ያራቁታል። ስለ ትሩቬሎ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ይህ ጥፋቱ ነው። ጥፋቱ እውነት ነው፤ ሥዕሎቹን ግን ሊያስረሳን አይገባም።

ከትሎቹ ወደ ሰማይ የሳበው በ1870 ገደማ ያየው የሰሜን ዋልታ ብርሃን ነው። ሥዕሎቹን ያየው የሃርቫርድ የሥነ ፈለክ ማዕከል ኃላፊ ጆሴፍ ዊንሎክ በ1872 ሥራ ሰጠው። በ1875 ደግሞ ዋሽንግተን ባለው የባሕር ኃይሉ የሥነ ፈለክ ማዕከል ውስጥ 66 ሳንቲ ሜትር ሌንስ ባለው ቴሌስኮፕ ሣለ፤ በዓለም ላይ በሌንስ ከሚሠሩት ቴሌስኮፖች በዚያን ጊዜ ትልቁ እሱ ነበር። በሕይወት ዘመኑ ወደ 7,000 የሚጠጉ የሰማይ ሥዕሎችን እንደሠራ ይነገርለታል።

አሠራሩ ጥብቅ ነበር። ቴሌስኮፑ ላይ በቀጫጭን መስመሮች በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ መስታወት ይገጥማል፤ የሚሥልበት ወረቀትም በዚያው ልክ ይሰመራል። እያንዳንዱ ጉድጓድ የቱ ማዕዘን ውስጥ እንደወደቀ ያያል፤ ያንኑ በወረቀቱ ላይ ያሰፍራል። ሳተርንን የሚሥል ሰው በማግስቱ ሌሊት ተመልሶ ሊያርም ይችላል። ግርዶሽ ግን ፋታ አይሰጥም፤ ጥላው በየደቂቃው ይገፋል፤ ቀለሙም አብሮት ይለወጣል። የሚሥለው ሰው አንዷን ቅጽበት መርጦ እሷኑ ማጥበቅ አለበት።

በፓስቴል የተሠራው ሥዕል ወደ ኅትመት የተሻገረው በድንጋይ ነው። ለየቀለሙ አንድ አንድ ድንጋይ ይዘጋጃል፤ በቅባታማ እርሳስ ይሣልበታል፤ ከዚያ ይረጥባል። ውሃና ቅባት ስለማይስማሙ ቀለሙ የሚይዘው የተሣለበትን ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ወረቀት ከድንጋይ ወደ ድንጋይ በየተራ ይታተማል፤ ጥቂት እንኳ ከተዛነፈ ምስሉ ይበላሻል። ያ ከግራጫ ወደ መዳብ ቀስ እያለ የሚሸጋገረው የጥላ ጠርዝ የተገኘው በዚህ ልፋት ነው።

ማኅደሩ በወጣበት ዓመት ትሩቬሎ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ በሜዶን የሥነ ፈለክ ማዕከል ሲሠራ ቆይቶ በ1895 አረፈ። ፎቶግራፍ እየተሻሻለ ሲሄድ ሥዕሎቹ ጊዜ ያለፈባቸው ተባሉ፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍትም አስወገዷቸው። አሥራ አምስቱን አሟልቶ የያዘ ማኅደር ዛሬ ብርቅ ነው። ካሊፎርኒያ የሚገኘው ሃንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት በ2018 የራሱን ለሕዝብ አሳይቷል። የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ምስሎቹን በኢንተርኔት በነፃ ለቋቸዋል፤ ግርዶሹን ለቤቱ ማሳተም የሚፈልግ ሰው ክፍያ አይጠየቅም።

ለሚያሳትም ሰው ግን ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ቅላቱን በኮምፒውተር አያድምቀው፤ ሰውየው የለፋው ለትክክለኛው ቀለም ነው። ከግርጌ ያለውን የግርዶሹን ስምና ቀን የያዘ ጽሑፍም አያስቆርጠው፤ ያ ጽሑፍ ከሌለ የተሰቀለው የየትኛዋ ሌሊት ጨረቃ እንደሆነች የሚያውቅ አይኖርም።