ሂፕኖዛ አፍዝ አደንግዝ ነውን? የአንድ ሕክምና ታሪክ

እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ከቤተሰቦች ጋር ስንነጋገር ደጋግመው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ ስለ «ሂፕኖዛ» ነው። አንድ ሰው በጭንቀት፣ በእንቅልፍ ማጣት ወይም በማይለቅ ሕመም ሳቢያ ከኩፓት ሆሊም ወደ ሳይኮሎጂስት ይላካል። ባለሙያውም ከንግግር ሕክምናው ጎን ሂፕኖዛ ሊረዳው እንደሚችል ይነግረዋል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ይደነግጣል። «ልጄን አፍዝዘው ምስጢሯን ሊያወጡ ነው ወይ?» የምትል እናት አለች። «እንግዲያው አንድ ጊዜ ያስተኙኝና ያየሁትን መከራ ሁሉ ያስረሱኝ» የሚል አባትም አለ። አንዷ ከመጠን በላይ ፈርታለች፤ ሌላው ከመጠን በላይ ተስፋ አድርጓል። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ኃይሉ ሁሉ በባለሙያው እጅ ነው ብለው ያምናሉ። ታሪኩ የሚያስተምረን ሌላ ስለሆነ ከመጀመሪያው እንነሣ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በአውሮፓ ነው። ፍራንዝ አንቶን ሜስመር (1734–1815) በቪየና የተማረ ሐኪም ነበር። በሰው አካል ውስጥ እንደ ማግኔት ያለ የማይታይ ፈሳሽ ይዘዋወራል፣ ሰው የሚታመመውም ይህ ፈሳሽ ሲታገድ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በ1778 ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም ሕሙማንን በአንድ ትልቅ ገንዳ ዙሪያ አስቀምጦ፣ ከገንዳው የወጡትን የብረት ዘንጎች እያስያዘ ያክም ጀመር። አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱም ተሻለኝ ብሎ ይሄዳል። ዝናው ስለ ገነነ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በ1784 ጉዳዩን የሚመረምሩ ሊቃውንት ሾመ። ከእነርሱም መካከል አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቮአዚዬ ነበሩ።

መርማሪዎቹ ካደረጉት ፈተና አንዱ እንዲህ ነበር። በፍራንክሊን መኖሪያ ግቢ ከነበሩት ዛፎች አንዱን ብቻ የሜስመር ተከታይ ዴስሎን በማግኔት ኃይል ሞላሁት አለ። ከዚያም የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑ ተሸፍኖ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተወሰደ። ልጁ ኃይል አለበት ወደተባለው ዛፍ ሳይደርስ፣ ምንም ባልተደረገበት በሌላ ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። ሊቃውንቱም የተባለው ፈሳሽ የለም፣ ውጤቱ የሚመጣው በተለይ ከሰዎቹ ከራሳቸው ምናብ ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ለሜስመር ውርደት ሆነበት። ዛሬ ስንመለከተው ግን በውስጡ ታላቅ ቁም ነገር ነበረበት፤ ሰው የሚጠብቀውና የሚያምነው ነገር ገላውን ሳይቀር ሊጥለው እንደሚችል ታይቷል። ልጁን የጣለው ዛፉም ዴስሎንም አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ ጄምስ ብሬድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1841 በማንቸስተር ከተማ የዚህን ዓይነት ትርኢት ተመለከተ። ማታለያ መስሎት ነበር የሄደው፤ ነገር ግን ራሱ መመርመር ጀመረ። በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ስሙን ሂፕኖቲዝም አለው። ሂፕኖስ በግሪክ ቋንቋ እንቅልፍ ማለት ነው። ቆይቶ ግን ብሬድ ራሱ ነገሩ እንቅልፍ አለመሆኑን፣ ሐሳብ በአንድ ነገር ላይ አጥብቆ መሰብሰብ መሆኑን ተረድቶ ስሙን ሊለውጠው ፈለገ። ስሙ ግን አንዴ ተለምዶ ስለነበር እስከ ዛሬ ቀረ። ብዙ ሰው «ያስተኙኛል» ብሎ የሚፈራው በዚህ በስሙ ምክንያት ነው።

በዚያው ዘመን ጄምስ ኤስዴይል የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በሕንድ አገር ከ1845 ጀምሮ በዚሁ ዘዴ ሕመም ሳይሰማቸው ብዙ ሰዎችን ቀዶ አከመ። ነገር ግን በ1846 ኤተር፣ በ1847 ደግሞ ክሎሮፎርም የሚባሉት ማደንዘዣዎች መጡ። መድኃኒቱ ፈጣንና ለሁሉም የሚሠራ ሲሆን፣ ሂፕኖዛ ግን በአንዱ ይሠራል በሌላው አይሠራም። በ1959 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚህ መለኪያ አወጡ፤ ሰዎች ለሂፕኖዛ ያላቸው ዝንባሌ የተለያየ መሆኑን፣ ጥቂቶች በጣም፣ ብዙዎች በመጠኑ፣ ጥቂቶች ደግሞ እምብዛም እንደማይቀበሉት አሳዩ። ስለዚህ «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ጥፋት የለበትም።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፈረንሳይ ሁለት ወገኖች ተከራከሩ። በፓሪስ ሻርኮ ሂፕኖዛ የሚይዘው የነርቭ በሽተኛን ነው አለ። በናንሲ ከተማ በርንሃይም ደግሞ ጤነኛም ሰው ይችለዋል፣ ሥራውን የሚሠራው ቃል ነው አለ። ጊዜው ለበርንሃይም ፈረደለት። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1885 ወደ ሻርኮ፣ በ1889 ወደ በርንሃይም ሄዶ ተምሯል። በኋላ ግን ሁሉንም ሰው በሂፕኖዛ ማስገባት እንደማይቻል፣ የተገኘውም መሻል ብዙ ጊዜ እንደማይጸና አይቶ ተወው፤ በምትኩ ሕመምተኛው ያሰበውን ሁሉ በነፃነት እንዲናገር አደረገ። ዛሬ በሳይኮሎጂስት ፊት ተቀምጠን የምናደርገው ንግግር በከፊል ከዚህ የተወለደ ነው።

ሂፕኖዛ ግን አልጠፋም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ሜዳ ድንጋጤ የተጎዱ ወታደሮችን ለመርዳት ሐኪሞች እንደገና ተጠቀሙበት። በ1955 የእንግሊዝ፣ በ1958 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ተቀበሉት። አሜሪካዊው ሐኪም ሚልተን ኤሪክሰን (1901–1980) ደግሞ የአሠራሩን መንፈስ ለወጠው፤ «ተኛ!» ብሎ ከማዘዝ ይልቅ ሰውየውን በራሱ ቃልና በራሱ ኑሮ እየተከተለ መጋበዝን አስተማረ። ዛሬ ሂፕኖዛ ለብቻው የቆመ ሕክምና ሳይሆን በሌላ ሕክምና ላይ የሚታከል አጋዥ ነው። ሕመምን ለማስታገስ፣ ከሕክምና በፊት የሚመጣን ጭንቀት ለመቀነስ፣ በሆድ ዕቃ መታወክም ለሚሠቃዩ እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል።

ትዝታን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሱዳን መንገድ ዘመዶቻቸውን ቀብረው የመጡ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። ሂፕኖዛ ያን ትዝታ እንደ ጽሑፍ አይፍቅም፤ የተረሳውንም እንደ ተቆለፈ ሣጥን ከፍቶ አያወጣም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1985 እንዳስታወቀው በሂፕኖዛ የታወሰ ነገር ከሌላው ትዝታ የበለጠ አይታመንም። እንዲያውም ያልሆነ ነገር እንደሆነ ሆኖ ሊታሰብና ሰውየው በእርግጠኝነት ሊምልበት ይችላል። ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚያጣላ ነገር ከዚህ ሊመጣ ይችላልና «ምን እንደ ሆነ በሂፕኖዛ እንወቅ» ማለት ተገቢ አይደለም። ትዝታው ባይጠፋም ከእርሱ ጋር የሚመጣውን የልብ መምታትና የሌሊት መባነን ለማቅለል ግን፣ ከንግግር ሕክምናው ጋር ተደርቦ፣ ሊረዳ ይችላል።

በአገራችን በእስራኤል ስለዚህ ጉዳይ ሕግ የወጣው በ1984 ነው። ሕጉ በወጣበት ጊዜ ሂፕኖዛን እንዲጠቀሙ የፈቀደው የተለየ ሪሽዮን ላላቸው ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና ሳይኮሎጂስቶች ነበር። በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ደግሞ ማንም ሰው የሚደረግለትን ሕክምና በሚገባው አኳኋን ተረድቶ፣ በፈቃዱ እንዲቀበል ያዛል።

ስለዚህ ባለሙያውን ከመጠየቅ አትፈሩ። «የሂፕኖዛ ሪሽዮን አለህ ወይ? ለምን ይጠቅመኛል? ባቆም ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሂፕኖዛ በቃል የሚሠራ ስለሆነም ቋንቋው ልብ ውስጥ መግባት አለበት። ዕብራይስጡ ገና ያልለመደላችሁ አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚያውቅ ባለሙያ እንዲፈለግላችሁ ጠይቁ፤ ልጆቻችሁን ለዚህ አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ለእነርሱም ለእናንተም ከባድ ነው።

አፍዝ አደንግዝ የሚባለው ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ የሚደረግበት ነው። በአግባቡ የሚሰጥ ሂፕኖዛ ግን ያለ ሰውየው ፈቃድና ትብብር አይሆንም፤ ሰውየው ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ከፈለገም ዓይኑን ገልጦ ይነሣል። ባልገባችሁ ነገር «እሺ» ብላችሁ አትግቡ፤ ሳትጠይቁም «እምቢ» ብላችሁ አትመለሱ።