«በየደ» ስለሚለው ግሥና ስለ አንድ ስናድር ማነጣጠሪያ

ስለ ጦር መሣሪያ የተጻፉ የታሪክ ምንጮቻችንን ለሚያነብ ሰው «በየደ» የሚለው ግሥ አከራካሪ መስሎ አይታይም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ መዝገበ ቃላት ሳይሆን ከአያቴ የተላለፈልን አንድ ስናድር ነው።

ስናድር፣ ስሙን ከአሜሪካዊው ፈልሳፊ ከጄኮብ ስናይደር ያገኘ፣ እንግሊዞች በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን የ1853 እ.ኤ.አ. ኤንፊልድ ከኋላ እንዲጎርስ አድርገው በ1866 ለጦራቸው ያደሉት ጠመንጃ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጋር መቅደላ የወጡት የብሪታንያ ወታደሮች ይዘውት ነበር። («ፉዚል ግራ»ን «ውጅግራ» ያደረገ ቋንቋ ስናይደርን ስናድር ቢለው አይደንቅም።)

የእኛው ስናድር የኋላ ማነጣጠሪያው ወልቆ በጨርቅ ተቋጥሮ ይኖር ነበር። አንድ ብረት ሠሪ ዘንድ ብወስደው፣ «ጋሼ፣ በኤሌክትሪክ እበይድልዎታለሁ፤ ሁለተኛ አይወልቅም» አለኝ። ልሰጠው ጥቂት ሲቀረኝ የማነጣጠሪያውን ሥር ገለበጥኩት። ግራጫ ነገር ተጣብቆበታል፤ በጥፍሬ ብጭረው ተጫረ። ቆርቆሮና እርሳስ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል፣ መጠኑ ሲስተካከል፣ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ይህ ሙቀት አፈሙዙን አይጎዳም። የብር ብያጅ ከ600 ዲግሪ በላይ፣ ናስ ደግሞ 900 ገደማ ይፈልጋል። የኤሌክትሪኩ ብየዳ ግን ራሱን ብረቱን ያቀልጣል፤ የባሩድ ግፊት በሚሸከም ቱቦ ላይ ይህ አይደፈርም። የኋላ ማነጣጠሪያ ከራሱ ክብደትና ከተኩሱ ንቅናቄ በቀር የሚሸከመው የለም፤ ስለዚህ ለስላሳው ብያጅ ይበቃዋል። የፊተኛው እግር ሳንጃ ስለሚቆልፍ ጠንከር ያለውን ይጠይቃል። የባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ሁለቱን አፈሙዞች የሚያያይዘው ዘንግም ብዙ ጊዜ በለስላሳው ብያጅ የተያዘ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው የፈላ ጨው ማጥቆሪያ ብያጁን እየበላ ዘንጉን ስለሚያስለቅቅ፣ ለእነዚህ ጠመንጃዎች የቆየው በዝገት የማጥቆር ዘዴ ተመራጭ ሆኖ ቀርቷል።

አማርኛችን ይህን ሁሉ «በየደ» ይለዋል። አንጥረኛው የብር መስቀል ይበይዳል፤ ብረት ሠሪው የግቢ በር ይበይዳል። ከዓመታት በፊት ባሳተምኩት ጽሑፍ ጠመንጃ «ተበየደ» የሚል አንድ ምንባብ አግኝቼ፣ ብረት ከብረት በእሳት የተዋሐደ አድርጌ ተርጉሜው ነበር። ከዚያም አልፌ፣ ወናፉና ምድጃው ምን ያህል ትልቅ እንደ ነበረ ድምዳሜ ሰጠሁ። ለዚያ ሥራ አንድ ጭብጥ ከሰል በቅቶ ሊሆን ይችላል። ድምዳሜውን አንስቻለሁ፤ ከእኔ ጠቅሰው የጻፉ ተማሪዎችም ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

ጠመንጃውን በመጨረሻ የወሰድኩት ወደ አንድ አንጥረኛ ነው። ገና ሳልቀመጥ «በምን ልበይደው?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለቱን ፊቶች ፍቆ ቆርቆሮ ቀባቸው፤ በሽቦ አስሮም በትንሽ እሳት አሞቃቸው። ማነጣጠሪያው ጥቂት ወደ ግራ ያዘነበለ ይመስለኛል፤ አንጥረኛው ግን ዓይንዎ ነው ይለኛል።