ስፒከር ይሟሻል ወይ?

ባለፈው ሳምንት ሜሪላንድ የሚኖር የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ፊዚክስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ እስቲ ይፍረዱኝ» አለ። ለወራት ባጠራቀመው ገንዘብ ጥንድ ስፒከር ገዝቷል። ቤቱ ወስዶ ሲከፍተው ግን አልጣመውም፤ ዘፋኝ አፍ በከፈተ ቁጥር ይጮህበታል። ሻጩ ዘንድ ሲደውል «ገና አዲስ ነው፣ 200 ሰዓት ይጫወት፣ ይለሰልሳል» ተባለ። ዕቃውን መመለስ የሚችለው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው በቀን ሁለት ሰዓት ቢያዳምጥ 200 ሰዓት ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናንተው አስሉት።

በስልክ የመለስኩለት አጭር ነበር። ረጅሙን እዚህ ልጻፈው፣ ታሪኩ ደስ ስለሚለኝ።

መቼም ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራው ይጣበቃል። ጀበናም ሳይሟሽ ቡና አይፈላበትም። የድሮ ሾፌሮችም አዲስ ሞተር «ሮዳጅ ላይ ነው» እያሉ ቀስ ብለው ይነዱት ነበር። ስለዚህ «ስፒከሩ ይሟሽ» ሲባል ቶሎ እናምናለን።

ዛሬ በየቤቱ ያለውን ዓይነት ስፒከር መልክ ያስያዙት ቼስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ናቸው፤ በ1925 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የተጠመጠመ ሽቦ ማግኔት መሃል ወዲያና ወዲህ እያለ የወረቀት ኮን ይገፋል። ኮኑን ከፊት ዙሪያውን ላስቲክ ወይም ጨርቅ ይይዘዋል፤ ከኋላ ደግሞ ስፓይደር የሚሉት የተሸበሸበ ጨርቅ አለ። ስፓይደሩ ሙጫ ነገር ተነክሮ የደረቀ ስለሆነ አዲስ ሲሆን ግትር ነው፣ ሲንቀሳቀስ ይላላል። እዚህ ላይ ሻጩ አልዋሸም።

ግን ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? በ1954 ኤድጋር ቪልቸር የሚባል ሰው፣ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድምፅ ያስተምር የነበረ፣ ከተማሪው ከሄንሪ ክሎስ ጋር አኩስቲክ ሪሰርች የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። (መምህርና ተማሪ! እናንተ ከኔ ጋር ምን አቋቋማችሁ?) የቪልቸር ብልሃት ኮኑን ሆን ብሎ ልል አድርጎ መሥራትና በታሸገው ሳጥን ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ እንዲመልሰው ማድረግ ነበር። አየር ደግሞ አይሟሽም። በኋላ ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሁለቱም አውስትራሊያ ሆነው፣ የስፒከርን ጠባይ በጥቂት ቁጥሮች የሚያሰላ ዘዴ አወጡ። በነሱ ስሌት ስፓይደሩ ሲላላ ብዙ ቁጥሮች አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ግን አንዱ ሌላውን ስለሚያካክስ የሚሰማው ልዩነት ኢምንት ነው። እሱም ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ ላይ ብቻ። አብዛኛው መላላት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችና ሰዓቶች ያልቃል። ልጄ የከፋው በቤዙ አይደለም፣ በዘፋኙ ድምፅ ነው!

ታዲያ መቶዎቹ ሰዓቶች ከየት መጡ? በ1962 ጎርደን ሆልት ስቴሪዮፋይልን፣ በ1973 ሃሪ ፒርሰን ዘ አብሶሉት ሳውንድን መሠረቱ። በመሣሪያ ከመለካት ይልቅ በጆሮ መፍረድ ክብር አገኘ። መጥፎ ነገር አይደለም፣ ጆሮ ያልወደደውን ስፒከር ማን ይገዛል? ግን ቀስ በቀስ አምፕሊፋየሩም፣ በመጨረሻ ገመዱም ሳይቀር ይሟሻል ተባለ። ፋብሪካዎች አዲስ ኤሌክትሮኒክስ ለሰዓታት አብርተው ማቆየታቸው እውነት ነው፤ ያ ግን ቶሎ የሚበላሸውን ለመለየት እንጂ ድምፅ ለማጣፈጥ አይደለም።

ፍሎይድ ቱል፣ ካናዳ የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት ውስጥ፣ ኋላም ሃርማን ኩባንያ ለዓመታት ስፒከር ሲፈትን የኖረ ሰው፣ ይህንኑ እንደፈተሹት በመጽሐፉ ጽፏል። «ሲሟሽ ይሻሻላል» የተባለውን ስፒከር በፊትና በኋላ ለኩት። ከ30 እስከ 40 ኸርዝ አካባቢ በጣም ትንሽ ለውጥ አገኙ፤ በጆሮ ግን ማንም አልለየውም። በ1994 ከሾን ኦሊቭ ጋር ባወጡት ሌላ ጥናት 40 አድማጮች ስፒከሩን እያዩ የሰጡት ነጥብና በመጋረጃ ተጋርዶባቸው የሰጡት ተለያየ። ዓይን ይሰማል ማለት ነው። ደግሞስ ተሟሽቶ የባሰበት ስፒከር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም ወደ መልካም ብቻ የሚለወጠው ለምንድን ነው?

እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ የገዛሁት ቴፕ መጀመሪያ አስጠልቶኝ ከሁለት ወር በኋላ «ተከፈተ» ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ያንኑ ሞዴል ከነካርቶኑ ይዞ መጣና ጎን ለጎን ከፈትናቸው። ፊቴን አዙሬ የትኛው የኔ እንደሆነ ስጠየቅ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። የተሟሸው ጆሮዬ ነበር።

ለልጁ ያልኩት ይሄን ነው፦ ከግድግዳው አርቀው፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፍ፣ አንድ ሳምንት ስማው። ካልተስማማህ ቀኑ ሳያልፍ መልስ።

ትናንት ማታ ጻፈልኝ። በ26ኛው ቀን መልሶታል።