ሽፋኑ ላይ የማን ስም ይጻፍ?

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ቴፕና ራዲዮ መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ የዓመቱን ምርጥ ካሴቶች ደረጃ የማወጣው በመስቀል ሰሞን ነው። በጋሞ ደጋ ዓመቱ የሚታጠፈው ያኔ ነው። ሰንጋ የሚታረደው፣ አዲስ ሙሽሮች አምረው ገበያ የሚወጡት፣ ሸማኔው ከአዲስ አበባ፣ ከሽሮ ሜዳ ተሳፍሮ አገሩ የሚገባው ለመስቀል ነው። ድሮ ሸማኔው ከሻንጣው ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ የእናቱን ሻርፕ ያወጣና በመጨረሻ አዲስ ካሴት ይመዛል። አንዳንዱ ዘፈን እኛ ቆላ ያለነው ሳንሰማው ዶርዜና ጨንቻ ላይ ተሰምቶ ያልቅ ነበር። በበዓሉ ማግስት ካሴት የበላ ቴፕ ሁሉ ወደ እኔ ይወርድ ነበር፤ የተጠመጠመውን ክር ከቴፑ ማንበቢያ ላይ እየፈታሁ የማን ካሴት እንደተበላ አይ ነበር። ብዙ የተበላው ብዙ የተሰማው ነው። ደረጃዬን የጀመርኩት በዚህ ስሌት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ዳኛም እስካሁን አላገኘሁም።

ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲው በፍላሽ ሲተካ ዳኛዬ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የምፈርደው በጆሮዬ ነው፤ ጆሮዬ ደግሞ ያዳላል። ደረጃውን ከምጽፍበት ደብተሬ ገጾች በጣም ያከራከረኝ የ2010 ዓ.ም. ነው። ደህና ዓመት ነበር። የሮፍናን «ነጸብራቅ»፣ የቤቲ ጂ «ወገግታ»፣ የጃኖ ባንድ «ለራስህ ነው» ወጡ። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ የኖረው ኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ»ን ይዞ ብቅ አለ። እኔ ኃይሉን አንደኛ አደረግሁት። ዘፈን ሊያስጭኑ የመጡ ልጆች ደብተሩን አይተው ሳቁብኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አብዛኛው መሣሪያ ብቻ ነው፤ ድምፃዊው የት አለ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ የጠየቁት እነሱ ብቻ አይደሉም፤ የአገራችን የሙዚቃ ንግድ ከተጀመረ አንስቶ ሲጠይቀው የኖረ ጥያቄ ነው። የጋሞ ዘፈን ከደብተሬ የቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አልበም ሽፋን አለው፤ ሽፋን ፎቶና ስም ይፈልጋል። የአባቴ አገር ዘፈን ግን የአንድ ሰው አይደለም። ከጋሞ ወገን የሆኑት ዶርዜዎች ኤዶ የሚሉት አዘፋፈን እስከ አምስት የሚደርሱ የተለያዩ የድምፅ መስመሮች አሉት። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የቀሩት ከላይና ከታች የየራሳቸውን ይዘው ይገባሉ። ሁሉም አንድ ዜማ ተከትሎ የሚያጨበጭብበት ዘፈን የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ግራ ይጋባል። መሪ አለ፣ ግን መሪውን ብቻ ነጥለህ ብትሰማው ዘፈኑ የለም።

ወደ ሸክላው ዘመን ልመለስ። ሸክላ የማሳተም መብት በድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ድንጋጌውን ደፈረው። በፈረንጆቹ ከ1969 እስከ 1975 ባለው ጊዜ አምሃ ሪከርድስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 ረጃጅም ሸክላዎች አሳተመ። ዛሬ ወርቃማው ዘመን ከምንለው ብዙው እዚያ ውስጥ አለ፤ አለማየሁ እሸቴም፣ ማህሙድ አህመድም። ነገር ግን የዚያን ሸክላ መጠን አስቡት። ባለ 45ቱ ዙር በአንድ ገጹ የሚይዘው ቢበዛ አራት አምስት ደቂቃ ነው። መሐሉ ላይ የዘፋኙ ስም፣ ከሥሩ የባንዱ ስም ይታተማል። ኤዶ በአራት ደቂቃ ገና ጉሮሮ ይጠርጋል። ዘፋኞቹን ሁሉ ልጻፍ ብትል ደግሞ ወረቀቱ አይበቃህም።

በዚያው ሰሞን ዶርዜ ላይ ፈረንሳዮች ነበሩ። እኔ ከማውቀው ተራራ የፈረንጅ ምሁር ጠፍቶ አያውቅም፤ እንሰታችንንም፣ ሹመታችንንም፣ ገበያችንንም ጽፈውታል። ዳን ስፐርበር የሚባለው ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና አርብ ይጾማል እንደሚሉ፣ ሆኖም በነዚያ ቀናት ከብታቸውን መጠበቅ እንደማይተዉ ጽፎ በዓለም ዙሪያ ሲጠቀስ ይኖራል። አባቴ ይህን ሲሰማ የሚለው «ታዲያ ምኑ ይገርማል?» ብቻ ነበር። ለእኔ ጉዳይ የሚሆነው ሰው ግን በርናር ሎርታ-ዣኮብ ነው፤ የሙዚቃ አጥኚ። መቅረጫውን ይዞ የዶርዜን ዘፈን ቀዳ፣ ቅጂውም በ1977 እንደ ፈረንጆቹ «የዶርዜ ባለብዙ ድምፅ ዝማሬዎች» ለማለት በሚሆን ርዕስ ፓሪስ ላይ በረጅም ሸክላ ወጣ። የጋሞ የመጀመሪያ አልበም ይህ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ርዕሱ ላይ የአንድም ዘፋኝ ስም የለም፤ ያለው የሕዝቡ ስም ነው። የተዘፈነበት መንደር ግን ሸክላ ማጫወቻ አልነበረውም፤ አገሩም ያኔ በአብዮትና በቀይ ሽብር ላይ ነበር።

እኔ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፍላሽ አምጥቶልኝ። ባለሙያ ስለሆንኩ መጀመሪያ ያዳመጥኩት ዘፈኑን ሳይሆን ቅጂውን ነው። የታችኛው ድምፅ ከታች፣ የላይኛው ከላይ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። በእኛ ቴፕ የተቀዳ ኤዶ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ለምን እንደማይሆን ደግሞ ክዳኑን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ርካሹ ቴፕ መቅረጫ የድምፁን መጠን ራሱ የሚያስተካክል ሰርኪዩት አለው። ጎላ ያለ ድምፅ ሲመጣ ይቀንሳል፣ ፀጥ ሲል ይጨምራል። አንድ ሰው ለሚያወራበት ደብዳቤ ካሴት ግሩም ነው። አምስት ዓይነት ድምፅ ባንድ ላይ ሲገባበት ግን የጮኸው ሌሎቹን ይዟቸው ይወርዳል፤ የታችኛው ድምፅ ይዋጣል፣ የቀረውም ጫጫታ ይሆናል። የዛሬው ስልክም በነባሪው መቅረጫው ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም። መሃል አገር ያለ አቀናባሪ እንዲህ ያለውን ቅጂ ሰምቶ «የደቡብ ሰው ይጮኻል» ቢል አልፈርድበትም።

በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን መጣ። በየክፍለ ሀገሩ፣ በየአውራጃው፣ በየቀበሌው። የብሔረሰቦች ዘፈን መድረክ ላይ ወጣ፤ ይህን ማንም አይክደውም፣ የአገሩን ሽመና፣ ዱንጉዛ፣ ለብሶ መድረክ ላይ መቆም ለአንድ የሸማኔ ልጅ ምን ማለት እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ግን ማይክሮፎኑ አንድ ነበር። አንድ ማይክሮፎን ባለበት አንድ ሰው ፊት ይቆማል፣ ሌላው ከኋላ ተቀባይ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የመጣው የካሴት ገበያም ይህንኑ ቅርፅ ይዞ ቀጠለ። የታወቀ ድምፃዊ አልበም ሲያወጣ አንድ ጉራግኛ፣ አንድ ትግርኛ፣ አንድ ኦሮምኛ፣ አንድ «ደቡብ» ይጨምራል። ደቡቡ በኪቦርድ የተመታ የወላይታ ምት ነው፤ ጋሞም እዚያ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። ያም ሆኖ ሠርግ ላይ እኔም ጨፍሬበታለሁ።

ባለብዙ ድምፁን ልማድ ሳይታሰብ ያስቀጠለው የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይመስለኛል። ከደርግ ውድቀት በኋላ የወንጌል አማኞች ቁጥር በደጋው በፍጥነት ሲያድግ ብዙዎቹ የቀድሞውን ዘፈን ተዉ። ይሁን እንጂ በጋሞኛ የተዘጋጀ የመዝሙር ካሴት ከፍቼ ስሰማ የታችኛው ድምፅ የሚገባበት መንገድ የማውቀው ነው። አንዳንድ ሽማግሌ ይህን ስል ይቆጣኛል፣ ዘማሪዎቹም ይቆጡኛል።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ አርባ ምንጭ ላይ የሺህ ከዋክብት ፌስቲቫል ሲካሄድ የደቡብ ሕዝቦች ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰባሰቡ። ድምፅ ማጉያው ጥሩ ነበር። ከዚያ የተቀዳ አልበም ግን እጄ አልደረሰም።

ባለብዙ ድምፅ ዘፈንን አጥርቶ የመቅዳት ዘዴ እኮ ጠፍቶ አይደለም። ሲምሃ አሮም የሚባል ተመራማሪ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የአካዎችን ባለብዙ ድምፅ ዘፈን ለመረዳት እያንዳንዱን ዘፋኝ የሌሎቹን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እያሰማ ለየብቻ ቀድቶት ነበር። ያንን ዘፈን በፈረንጆቹ 2003 ዩኔስኮ ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች ቆጠረው፤ የጆርጂያዎቹ በ2001 ቀድሞ ተቆጥሯል። የእኛም መስቀል በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2013 ከነመዝሙሩ ተመዝግቧል፣ የደጋው ኤዶ ግን ለብቻው ስም አልወጣለትም።

ባለፈው መስቀል ረዳቴ ያቺን የአሮም ዘዴ በትንሹ ሞከራት። ከወዳጆቹ ማይክሮፎኖች ለቃቅሞ፣ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ደጋ ወጣ። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ማይክሮፎን አቆመ፣ የመጠን ማስተካከያውን በእጁ ያዘ። ቅጂው እንደ ፓሪሱ አይጠራም፤ የበግ ድምፅ አለበት፣ ሞተር ብስክሌት ያልፍበታል። የታችኛው ድምፅ ግን አለ። እኔ በደብተሬ ከዓመቱ ሁሉ በላይ አንደኛ አድርጌ ጻፍኩት፤ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሳቁ።

ኢንተርኔት ላይ ሊለቀው ሲል የአርቲስት ስም የሚል ሳጥን መጣ፤ ካልተሞላ አያልፍም። ዘፋኞቹን በየስማቸው እንዳይጽፍ ተቀባዮቹ እስከ ጓሮ ድረስ ሞልተው ነበር። «ዶርዜ» ብሎ ሞላው። በሳምንቱ ከላይኛው ድምፅ ዘፋኞች አንዱ ሱቄ ድረስ ወረደ። ሰውየው የዶኮ ሰው ነው፤ ጋሞ እንጂ ዶርዜ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ጋሞ የሆነ ሸማኔ ሁሉ ዶርዜ ይባላል፤ ሽሮ ሜዳ ለሃያ ምናምን ዓመት ሲሸምን በዚህ ስም ሲጠራ የኖረ ሰው አገሩ ገብቶም ያንኑ ስም ስክሪን ላይ አነበበ። «ጋሞ በሉት» አልኩ። የአንዱ ዘፋኝ አጎት ከጎፋ ነው፣ እሱስ? ረዳቴ ዘፈኑን ለጊዜው አወረደው። ረዳቴና የዶኮው ሰው አሁን በየቅዳሜው ሱቄ በር ላይ ይከራከራሉ፤ እኔም ቡናውን አስፈላለሁ።